ጥሬው ፎቶግራፍ ይሻላል ወይስ የተሰናዳው?

ካሜራ ገዝቶ ወይም ተውሶ የዘመድ ሠርግና የጓደኛ ምረቃ የሚያነሣ ወጣት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ይህ ወጣት ሥራውን ሳይጀምር ካሜራው አንድ ጥያቄ ያቀርብለታል፤ ይኸውም ሥዕሉ የሚቀመጠው ጄፔግ በሚባለው ፋይል ነው ወይስ ሮው በሚባለው? የሚል ነው። ብዙዎች ጥያቄውን ሳይመለከቱት ያልፋሉ። ነገር ግን የሥዕሉ ዕድል ከዚህ ምርጫ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ልናስብበት ይገባል።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በራሱ ቀለም አይለይም፤ የሚለካው የብርሃኑን ብዛት ብቻ ነው። በኮዳክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ባገኘበት ዘዴ መሠረት፥ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ከየ4ቱ የሴንሰር ነጥቦች 2ቱ በአረንጓዴ፥ 1ዱ በቀይ፥ 1ዱም በሰማያዊ ማጣሪያ ይሸፈናሉ። ሮው ማለት ይህ ልኬት ሳይሰናዳ ሲቀመጥ ነው፤ የቃሉም ትርጉም ጥሬ ማለት ነው። ጄፔግ ግን ካሜራው ራሱ ቀለሙን አስተካክሎ፥ ብርሃንና ጥላውን ወስኖ፥ የተረፈውን ጥሎ የሚያስረክበን የተሰናዳ ሥዕል ነው።

ነገሩ ከቡና ጋር ይመሳሰላል። ጥሬ ቡና ያለው ሰው እንደ ወደደ ለዘብ ወይም ጠቆር አድርጎ ይቈላዋል፤ ተቈልቶና ተወቅጦ የመጣለት ግን ፈጥኖ ያፈላዋል እንጂ ወደ ጥሬነቱ ሊመልሰው አይችልም።

ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀ ደንብ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው ካዘጋጀው የባለሙያዎች ቡድን ነው። ሥዕሉን 8 በ8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና የሰው ዐይን በቀላሉ የማያስተውለውን ረቂቅ ዝርዝር ይቀንሳል። ለዚህ የሚያገለግለውን ሒሳብ በሕንድ የተወለደው ናስር አህመድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሞታል። በዚህ ብልሃት፥ 24 ሚሊዮን ነጥብ ባለው ካሜራ የተነሣ ጥሬ ፋይል ብዙ ጊዜ 25 ሜጋባይትና ከዚያም በላይ ሲሆን፥ ጄፔጉ 10 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ማነሱ ያለ ዋጋ አይደለም። ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት። ጥሬው ፋይል ግን እንደ ካሜራው ዐይነት 4,096 ወይም 16,384 ደረጃዎች ይይዛል።

የዚህ ልዩነት ትርጉም በአገራችን ፀሐይ በግልጽ ይታያል። በልጇ ምረቃ ቀን፥ በቀትር፥ ነጭ ነጠላ የለበሰች እናትን እናስብ። ካሜራው ለፊቷ ብርሃን ቢያደላ የነጠላው ሽመናና ጥለት በንጣት ይጠፋል፤ ለነጠላው ቢያደላ ፊቷ ይጨልማል። በጥሬው ያነሣ ሰው ነጠላውን አድኖ ፊቷን በኋላ በኮምፒውተር ሊያበራው ይችላል። በጄፔግ የጨለመውን ፊት በብዙ ማብራት ግን የቆዳውን ቀለም ያጠፋዋል፤ ነጠብጣብም ያበዛበታል። እንዲሁም በአዳራሽ ውስጥ ቢጫ አምፖልና የመስኮት ብርሃን ተቀላቅለው ቀለሙ ሲበላሽ፥ ማስተካከሉ በጥሬው ይቀላል።

ሆኖም ጥሬው ተአምር አይሠራም። ከመጠን በላይ በርቶ ፈጽሞ የነጣውን አይመልስም፤ የተንቀጠቀጠውንም አያቀናም።

እንግዲህ ጥሬው ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ጄፔግ ለምን አስፈለገ? የሚል ጠያቂ ይኖራል። ስለ ጊዜ እናስላ። በአንድ ሠርግ 500 ሥዕል ያነሣ ሰው ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢያውል 25 ሰዓት ይፈጅበታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቢሮ ለሚውል ጸሐፊ ወይም ፈተና ለቀረበበት ተማሪ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም።

በዜና ሥራም ጄፔግ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ሮይተርስ የተባለው የዜና ወኪል እ.ኤ.አ. በ2015 በግል የሚሠሩለት ፎቶግራፍ አንሺዎች ከጥሬ ፋይል የተሰናዳ ሥዕል እንዳይልኩለት፥ ከመጀመሪያው በጄፔግ የተነሣውን ብቻ እንዲልኩለት አስታወቀ። ምክንያቶቹ ፍጥነትና የሥዕሉን እውነተኛነት መጠበቅ ነበሩ። በዚያው ዓመት ዎርልድ ፕሬስ ፎቶ የተባለው ውድድር፥ ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከደረሱት ሥዕሎች ከመቶ 20 ያህሉን ከካሜራው ከወጣው ፋይል ጋር አስተያይቶ ሰረዘ። ከዚህ የምንማረው፥ ጄፔግም ሆነ ጥሬ፥ መጀመሪያ የተነሣው ፋይል የሥዕሉ ምስክር ስለ ሆነ ሳይነካ መቀመጥ እንዳለበት ነው።

ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው ሥዕሉ በሚሰጠው አገልግሎትና በአንሺው ጊዜ ነው። ለሰነድ ቅጂ፥ ለማስታወቂያ፥ ዛሬውኑ ለሚላክ የጉዞ ሥዕል ጄፔግ በከፍተኛ ጥራት ይበቃል። ለማይደገም ቀንና ለአስቸጋሪ ብርሃን ጥሬው ይመረጥ። ለማሰናዳት እንደ ዳርክቴብል ያለ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ። ብዙ ካሜራዎች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስቀምጣሉ፤ የካርድ ቦታ ያለው ሰው ጄፔጉን ለዘመድ ቶሎ ሰጥቶ፥ ጥሬውን ለተመረጡ ጥቂት ሥዕሎች ሊያቈይ ይችላል። ጄፔግን እያረሙ ደጋግሞ ማስቀመጥ ጥራቱን እንደሚቀንስም ማወቅ ያስፈልጋል። በቴሌግራም የሚልክ ሰውም በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ቢልከው፥ ሥዕሉ መጠኑ ሳይቀነስ ይደርሳል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥሬ ፋይል የመረጠ ሰው ሥራ መቀበሉን አይርሳ። የተመራቂው እናት የምትጠብቀው በግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለውን ሥዕል ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ሳይከፈት ዓመት ከሚተኛ ጥሬ ፋይል ይልቅ፥ በሳምንቱ እጇ የገባ ተራ ጄፔግ ይበልጥ ያስደስታታል። ጊዜ ሰጥቶ የሚያሰናዳው ሰው ካለ ግን፥ ፊቷም የነጠላዋ ጥለትም አምረው የሚታዩበትን ሥዕል የሚያስገኘው ጥሬው ነው።