ሞተሩ ሳያፈላ

ባለፈው ዓመት ለጉብኝት ወደ ማርሳቢት ስንጓዝ የተከራየነው ሚኒባስ ዲዳ ገልገሉ በረሃ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር ነካ። ሾፌራችን ወዲያው ዳር ይዞ ቆመ። ረዳቱ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል "ተው! ፊትህን ይልጥሃል!" ብሎ ከለከለው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ሲታይ ከራዲያተሩ የሚወጣው ጎማ ተሰንጥቋል። ሾፌሩ ጎማውን በፕላስተር ጠቀለለው፤ እኛም ለመጠጥ የያዝነውን ውሃ ሰጥተን ማርሳቢት ገባን፤ ጎማውም እዚያ ተቀየረ።

በማግሥቱ በተራራው ጭጋግና ብርድ ስንነሳ ደግሞ ቀስቱ ከታች አልነሳም አለ። አንዲት ተማሪ "ትናንት በጣም ሞቀ፤ ዛሬ ለምን አይሞቅም?" ብላ ጠየቀች። ይህን የጻፍነው ለእርሷ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው።

ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረውን ሙቀት በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ይዞ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል፤ በዚያ ነፋስና ቬንትሌተር ያቀዘቅዙታል። በመካከል ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ በር አለ። ሞተሩ እስኪሞቅ ተዘግቶ ይቆያል፤ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ 80 ዲግሪን አለፍ ሲል ይከፈታል። የራዲያተሩ ክዳን ደግሞ ግፊት ይይዛል። በሞያሌ ከፍታ በክፍት ድስት ያለ ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በግፊት ውስጥ ግን ከ110 በላይ ሞቆም ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ስለሚወርድ ውሃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ይፈነዳል። ረዳቱ የዳነው ከዚህ ነው።

ችግሩን ለማወቅ ዕቃ ከመግዛት በፊት "መቼ ነው የሚሞቀው?" ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ ሞቆ ሲፈጥን የሚቀዘቅዝ ከሆነ ቬንትሌተሩ ይታይ። በዳገትና በፍጥነት የሚሞቅ ከሆነ የውሃው ማነስ፣ የራዲያተሩ መደፈን ወይም የውሃ ፓምፑና ቺንጋው ይመርመሩ። ውጭ ሳይፈስ ውሃ የሚጎድል፣ ነጭ ጭስ የሚበዛና ዘይቱ ወተት የሚመስል ከሆነ መኪናው ሳይነዳ ወደ መካኒክ ይወሰድ። የጋለ ሞተር ቀስት በድንገት ከወረደም ደስ አይበለን፤ ውሃው አልቆ መለኪያው ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ረጅም መንገድ ተሂዶም ቀስቱ ካልወጣ ግን ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ወይም ጭራሹን የለም። የእኛ ሚኒባስ የኋለኛው ነበር፤ ቀድሞ "እንዳያፈላ" ተብሎ ወጥቶለታል። በሙቀት አገር ይህ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ሲሠራ ነዳጅ ይፈጃል፣ ቶሎም ያልቃል። ፈተናውን በማቅለል የተማሪው ድክመት እንደማይድን ሁሉ፣ ቴርሞስታት በማውጣት የተደፈነ ራዲያተር አይጸዳም።

ብርዱ በጸናበት አገር ስህተቱ ይከፋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሚኒሶታ በክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪን ያልፋል። በዚያ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለበት ሞተር ውሃው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ብረቱን ይሰነጥቃል። ራዲያተሩ ውስጥ የረጋ በረዶ ውሃው እንዳይዞር ስለሚያግድም መኪና በበረዶ መካከል ሊያፈላ ይችላል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ ሲደባለቅ እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ አይረጋም። ኩላንት ዝገትን ስለሚከላከልና የመፍያውን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ ለሞያሌም ይጠቅማል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችንን ከማሳፈራችን በፊት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ውሃውን፣ ጎማውንና ቺንጋውን እናስፈትሽ። እኛም ከዚያ ጉዞ ወዲህ ይህ ሳይታይ ተማሪ አናሳፍርም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።