አሮጌው ሞተር ቤንዚን የሚበላው ለምንድን ነው?

አንባቢ ሆይ! ለመስክ ሥራ በአሮጌ ላንድክሩዘር ተሳፍረው ሲሄዱ፥ መኪናው ዳገት ላይ ሲያለከልክና ጥቁር ጢስ ሲያወጣ አይተው ይሆናል። ሾፌሩ «ካርቡራተሩ ነው» ይላል፤ መካኒኩም ካቻቢቴውን አንሥቶ ካርቡራተሩን ይፈታል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በሽታው ከእሳቱ ነውና፥ ሕመሙ ሳይታወቅ ለመድኃኒቱ ገንዘብ ይወጣል።

ለምሳሌ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የወጣውን ባለ 40 ላንድክሩዘር እንውሰድ። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተሰለፉ ሲሆኑ፥ እሳት የሚያገኙት በ1፥ 5፥ 3፥ 6፥ 2፥ 4 ተራ ነው። ከካንዴላ ገመዶች ሁለቱ ቢለዋወጡ ተራው ይፋለሳል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል።

በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፑንቲናው ይታይ። ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር ቦቢናው ኃይል ይልካል፤ ካንዴላውም ይበራል። ተቃጥሎ እንደ ሆነ ይለወጥ፤ ክፍተቱም 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ክፍተቱ ሲለወጥ የእሳቱም ሰዓት አብሮ ይለወጣልና፥ ይህን ሳያደርጉ ሰዓቱን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

በሁለተኛው ሰዓቱ ይስተካከል። በቮላኖው ላይ ትንሽ የብረት ፍሬ ተቀብራለች። ሞተሩ ሞቆ፥ መርገጫው ሳይነካ በደቂቃ 650 ዙር ያህል ሲዞር፥ የማስተካከያው መብራት በመስኮቷ ሲበራ ፍሬዋ ከምልክቱ ፊት ለፊት መታየት አለባት። ይኸውም ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ ዘንጉ 7 ዲግሪ ሲቀረው እሳቱ ይነሣል ማለት ነው። ይህ ሥራ በዝግ ጋራዥ ውስጥ አይሠራ፤ ጢሱ ሰው ይገድላል።

በሦስተኛው አየሩ ይመርመር። አንዱ ካርቡራተር ስድስቱንም የሚመግበው በረዥም መግቢያ ስለ ሆነ፥ ጓርኒሲዮኑ በአንድ በኩል ቢላላ በዚያ ያለው ሲሊንደር ትርፍ አየር ይስባል። የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ከጆሮዎ፥ ሌላውን ከመጋጠሚያው አጠገብ ቢያደርጉ የፉጨት ድምፅ ይሰማሉ። የአየሩም ፊልትሮ ይጠረግ። የካርቡራተሩ ብሎን የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የአገራችን ከፍታ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ለቆላ የተሠራው ካርቡራተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ካንዴላው ይጠቁራል። የሚኒሞውን ብሎን ማጥበቅ ይህን ፈጽሞ አያድነውም፤ በጉዞ ጊዜ የሚሠራው ዋናው የቤንዚን ቀዳዳ ሌላ ነውና፥ ለደጋ የሚስማማ ሊደረግለት ይገባል።

አንዳንድ መካኒክ ጉልበት እንዲጨምር ብሎ እሳቱን በጆሮው እየሰማ ያስቀድመዋል። በደጋ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ያው መኪና ጭኖ ወደ አዋሽ ሲወርድ፥ አየሩ ወፍሮ ሙቀቱም በርትቶ ሞተሩ ያንኳኳል፤ መንኳኳቱም ቢዘልቅ ፒስተኑን ይበሳል። በቤንዚን ያተረፉትን በሞተር መክፈል ይህ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ መካኒክ አይደለሁም ብለው ዝም አይበሉ። «አዲስ ካርቡራተር ይገዛ» የሚል ጥያቄ ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ፥ ከመፈረምዎ በፊት «ፑንቲናው ታይቷልን? ሰዓቱስ በመብራት ተለክቷልን?» ብለው ይጠይቁ።