ኪቶና ሜዲትራኒያን አመጋገብ በእኛ ገበታ ይጣመራሉን?

አዲስ አበባ፦ በሰሜን አዲስ አበባ በተንጣለለው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከሚገኙት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ወይራ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ “የወይራ ዘይት” ተብሎ የሚሸጠው ግን ከእርሱ አይጨመቅም። የእኛው ወይራ ፍሬው ደቃቅ፣ ሥጋውም ስስ ነው፤ ገበሬው የሚፈልገው ለመሣሪያ እጀታና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው። ዘይቱ የሚገኘው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ለዘመናት እየተመረጠ ከለማው የቅርብ ዘመዱ ነው።

በዚያ አካባቢ የተለመደው አመጋገብ በአትክልት፣ በጥራጥሬ፣ በእህል፣ በዓሣና በዚሁ ዘይት ላይ ያርፋል። ኪቶ የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ ለሚጥል በሽታ ሕሙማን የታሰበ ሕክምና ነበር። በቀን የሚወሰደው ካርቦሃይድሬት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ግራም በታች ሲወርድ ሰውነት ስብን ማንደድ ይጀምራል። ሁለቱን ማጣመር ማለት ስቡን ከቅቤና ከጮማ ይልቅ ከወይራ ዘይትና ከዓሣ መውሰድ፣ ቅጠላ ቅጠሉን ማብዛት፣ እህልና ጥራጥሬውን ግን መተው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 70 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ስላለው የቀኑ ድርሻ በአንድ ማዕድ ያልቃል። ሽሮውና ምስሩም ከዚያ አይርቁም። የጾም በያይነቱ ለሜዲትራኒያኑ የቀረበውን ያህል ከኪቶ ይርቃል። ሥጋ፣ ዕንቁላልና አይብ በሌሉበት የጾም ወቅት የሚቀሩት ጎመን፣ አቮካዶ፣ ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባ ናቸው። በተለይ ተልባ ካርቦሃይድሬቱ በአብዛኛው የማይፈጭ አሰር በመሆኑ ለዚህ ይመቻል። የኑግ ዘይትም በወይራ ዘይት ቦታ ሊገባ ይችላል፤ የስብ ዓይነታቸው ግን አንድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሰጋው የስኳር ሕሙማን ነገር ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እንጀራውን በድንገት ትቶ መርፌውን በቀድሞው መጠን ከቀጠለ ስኳሩ ወርዶ ሊያልበው፣ ሊያንቀጠቅጠው፣ ራሱንም ሊያስተው ይችላል። የመድኃኒቱን መጠን አስቀድሞ ማስተካከል የሐኪም ሥራ ነው። ነፍሰ ጡሮችና የኩላሊት ሕሙማንም በራሳቸው ፈቃድ ሊጀምሩት አይገባም።

ለሌላው ሰው ደግሞ ኪቶን ሳይነካ የሜዲትራኒያኑን ፈለግ መከተል ይቀላል፤ እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑን ማብዛት፣ ቅቤውን በዘይት መተካት፣ ሽሮውንም እንደነበረ መብላት ይችላል።