ተጨማሪ መረጃ፦ የዘማች ልጆች አምባ በአላጌ

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ለተሰዉ ወታደሮች ልጆች፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቡልቡላ በስተ ምዕራብ በምትገኘው አላጌ የሕፃናት አምባ ተቋቋመ። ልጆቹ በአንድ ግቢ እየኖሩ ይማሩ ነበር። ሌሎች የዘማች ልጆች ኩባ ሄደው ተምረዋል። ዛሬ በአላጌ የግብርና ኮሌጅ ይገኛል።

ሜዳልያ የተዋጊውን ጀግንነት ይመሰክራል፤ የቆሰለውን ወታደር የሚያስታምም፣ የተሰዋውን ወታደር ልጅ የሚያሳድግ ሰውም ክብር ይገባዋል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት በልዩ ልዩ ዘርፍ አገራቸውን ያገለገሉ ሰዎችን ያመሰግናል።

ተግባር፦ በአዳማ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ወይም በምትኖሩበት ከተማ የቀድሞ ወታደሮችን በነጻ የሚያግዙ ሰዎችን ጠይቃችሁ፣ ሽልማት የሚገባቸው ለምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።