ቆም እያደረጉ የሚታዩ የሳይንስ ፊልሞች

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ኢትዮጵያዊ «ፕላዝማ» ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፍ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ነበር። ከስክሪኑ ጥያቄ ይመጣል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ክፍሉ ይድረስበት አይድረስበት ትምህርቱ ይቀጥላል። ስለ ፕላዝማ ብዙ ወቀሳ ተሰምቷል፤ ዋናው ጉድለቱ ግን ተማሪውም መምህሩም «ቆይ እስቲ» ሊሉት አለመቻላቸው ነበር ባይ ነኝ። ዛሬ ማቆሚያው በየስልካችን ላይ አለ። ስለዚህ እዚህ የምጠቁማቸውን ፊልሞች በዋናነት የመረጥኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተመልካቹን አስቁሞ የሚያስገምት ነገር አላቸው ወይ?

ጥናትም ይህን ይደግፋል። ዴሬክ ሙለር «ቬሪታሲየም» የተባለውን የዩቲዩብ ቻናል በ2011 እ.ኤ.አ. ከመክፈቱ በፊት፣ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ያጠናው የፊዚክስ ቪዲዮ በእርግጥ ያስተምር እንደሆነ ነበር። ጥርት ያለ ማብራሪያ የታያቸው ተማሪዎች ነገሩ ቀላልና ግልጽ እንደሆነላቸው ተናገሩ፤ ፈተና ላይ ግን ውጤታቸው እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ሌሎቹ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሐሳብ መጀመሪያ ተነሥቶ በውይይት ሲታረም አዩ። እነዚህ ቪዲዮው ግራ አጋብቶናል አሉ፤ በደንብ የተማሩት ግን እነሱ ሆኑ። የፊተኞቹ ቪዲዮው ድሮ የሚያውቁትን የደገመላቸው መስሏቸው የተሳሳተ ሐሳባቸውን እንደያዙ ወጡ።

ከሙለር የመጀመሪያ ዓመታት ሥራዎች ስለ ስሊንኪ የሚናገረውን እዩ። ስሊንኪ ልጆች በደረጃ ላይ የሚያወርዱት የተጠማዘዘ የሽቦ መጫወቻ ነው። ሙለር አንዱን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ያንጠለጥለውና፣ ሲለቀው የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደሚወድቅ ሰዎችን ይጠይቃል። እዚህ ላይ አቁሙትና እናንተም ገምቱ። ዝግ ብሎ በሚታየው ቀረጻ ላይኛው ጫፍ ወደ ታች እየተሰበሰበ ይመጣል፤ የታችኛው ግን ላይኛው እስኪደርስበት ድረስ አየር ላይ ካለበት ንቅንቅ አይልም። የመሬት ስበት ወደ ታች ሲስበው የሽቦው ውጥረት በዚያው ልክ ወደ ላይ ይስበዋልና ነው። እጅ ከላይ መልቀቁ የታችኛውን ጫፍ የሚነካው ውጥረቱ እየላላ ሄዶ እሱ ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። ዝም ብሎ ያየ ሰው «ይገርማል» ብሎ ያልፈዋል። ገምቶ የተሸነፈ ግን እልህ ይይዘውና ምክንያቱን ሳይሰማ አይነሣም።

ከቆዩት የካርል ሴጋንን «ኮስሞስ» (1980 እ.ኤ.አ.፣ 13 ክፍሎች) አስቀድማለሁ። ሴጋን በጠፈር መርከብ የሚያደርገው ጉዞ ዛሬ እንቅልፍ ያመጣል፤ ደፍራችሁ ዝለሉት። በመጀመሪያው ክፍል ስለ ኤራቶስቴንስ የሚተርከውን ግን እንዳታልፉት። ከ2,200 ዓመት ገደማ በፊት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ይህ ሊቅ፣ በዓመቱ ረጅሙ ቀን በቀትር በሲየኔ፣ በዛሬዋ አስዋን፣ የቆመ ነገር ጥላ እንደማይኖረው ይረዳል። እስክንድርያ ላይ ግን ጥላ አለ። ሴጋን ሁለት ትንንሽ ሐውልቶች የቆሙበት የግብፅ ካርታ ይዞ ይቀርባል። ካርታው ዝርግ እስከሆነ ድረስ የሁለቱ ጥላ እኩል ነው። ለመጥ ሲያደርገው ጥላቸው ይለያያል። ልዩነቱ 7 ዲግሪ ገደማ፣ የክብ 50ኛ እጅ ነው፤ በከተሞቹ መካከል ያለው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በ50 ሲባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ የመሬት ዙሪያ ማለት ነው። አዲስ አበባና ቴል አቪቭ ያሉ ዘመዳሞችም በታኅሣሥ አንድ ቀን፣ በየአገራቸው ጥላ በሚያጥርበት ሰዓት፣ የእንጨት ጥላ ለክተው በስልክ ቢነጋገሩ ይህንኑ ማስላት ይችላሉ፤ የማዕዘኑ ልዩነት 23 ዲግሪ አካባቢ ይመጣላቸዋል።

ጊዜ የሌለው ሰው በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቻርልስና የሬይ ኢምስን «ፓወርስ ኦፍ ቴን» ይይ፤ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻ ነው። ቺካጎ ውስጥ መስክ ላይ ሽርሽር ከወጡ ወንድና ሴት ተነሥቶ በየአሥር ሰከንዱ አሥር እጥፍ ይርቃል፤ ጋላክሲዎች ነጠብጣብ እስኪመስሉ ድረስ ሄዶ ይመለስና በሰውየው እጅ ቆዳ በኩል እስከ አቶም እምብርት ይዘልቃል። ኬሚስትሪ ለሚማር ደግሞ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ «ፔሪዮዲክ ቪዲዮስ» አለ፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ118ቱም ንጥረ ነገሮች አንዳንድ ቪዲዮ ሠርተዋል። ጸጉራቸው የቆመው ፕሮፌሰር ማርቲን ፖሊያኮፍ የሚያሳዩትን ልጆች ኩሽና ውስጥ እንዳይሞክሩት ብቻ አደራ።

በዴቪድ አተንቦሮ ድምፅ የሚተረከው «ፕላኔት ኧርዝ» (2006 እ.ኤ.አ.) በእኔ መመዘኛ ይወድቃል፤ ውበቱ ሳያስጠይቅ ይዞ ይነጉዳል። ስለ ተራሮች የሚያወሳው ክፍል ግን ከኤርታ አሌ ተነሥቶ የስሜን ጭላዳዎችንና ዋልያዎችን ስለሚያሳይ ማለፍ አልሆነልኝም። ወላጅ አጠገብ ካለ ጥያቄውን ራሱ ማምጣት ይችላል፦ ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሣር እየነጨ የሚውለው ለምንድን ነው?

እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። የግርጌ ጽሑፉን ከፍቶ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ማድረግ ብዙ ያግዛል፤ ዳታ ለሚቆጥብም በዝቅተኛ ጥራት አውርዶ መያዝ ይሻላል፣ የሴጋን ካርታ በደብዛዛ ምስልም ይገባል። ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ግን በቀጥታ በአማርኛ የተሠራውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እመክራለሁ። የቀድሞዋ አስተማሪ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ያስጀመረችው ነው፤ ባለታሪኳ ፀሐይ ሁሉን ነገር ማወቅ የምትፈልግ የቀጭኔ አሻንጉሊት ነች። እሷ ስትጠይቅ ቪዲዮውን አቁሙና ልጁ መጀመሪያ ይመልስ።