ክሮቼራ፥ ወይም እየታጠፈ የሚዞር ዘንግ

በዚህ ዓመት የሳይንስ ክበባችን ለትምህርት ቤቱ ዐውደ ርእይ በሬሞት የምትታዘዝ፥ ድንጋይና ዳገት የምትወጣ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መኪና ለማቅረብ አሰበ። መኪናዪቱ ተበታትና በካርቶን ስለ መጣች የመገጣጠሙ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ሞተሩን ከጎማዎቹ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ መጋጠሚያ ነበረ። ስለዚህ የደረሰብኝን ችግርና ያገኘሁትን ትምህርት ባጭሩ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ መጋጠሚያው ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፥ መንኰራኵሩ የዞረው ሠረገላው ስለ ተጎተተ ነው። መኪናን ግን የሚጎትታት የለም፤ ኀይሉ ከሞተሩ ተነሥቶ በካምቢዮ በኩል በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ጎማ ይደርሳል። ካምቢዮው ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው፤ የኋላው ጎማ ግን በባሌስትራ የተያዘ ስለ ሆነ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ኮረኮንች ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቢታሰር ኖሮ ወዲያው ይሰበር ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ጫፍ ክሮቼራ ይገባለታል።

ክሮቼራ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን መስቀል ከሚለው ስም የወጣ ነው። ሁለት ባላዎች ፊት ለፊት አድርጋችሁ፥ አንዱን በቁም አንዱን በአግድም ይዛችሁ፥ በመካከላቸው ትንሽ መስቀል ብታስገቡ ክሮቼራ ሆነ ማለት ነው። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፥ ሁለተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍ ዘንጉ እየታጠፈ ይዞራል። የእንግሊዙ ሊቅ ሮበርት ሁክ በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ተመራመረበት በስሙ የሚጠሩት አሉ።

የእኛዪቱ መኪና መስቀል ግን አዲስ ፕላስቲክ ስለ ነበረ በባላው ቀዳዳ አልገባ አለ። እኔም ቸኵዬ በድንጋይ ብመታው የባላው ጆሮ ተሰነጠቀ። የቀረን መለዋወጫ አንድ ብቻ ነበረ፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው በእኔ ደረሰ። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው አጎቴ ይህን አይቶ፥ «ልጄ፥ ክሮቼራ ጠበቅ ብሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ለጣት መታዘዝ አለበት» አለኝ።

በሁለተኛው ጊዜ በትዕግሥት ጀመርሁ። ከፋብሪካ የቀረውን የፕላስቲክ ጠርዝ በምላጭ ፋቅሁ። ቀጥሎም ባላውን ለጥቂት ደቂቃ በሙቅ ውሃ ነክሬ፥ ለስለስ ሲል መስቀሉን በጣቴ ገፍቼ አስገባሁት። ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ አራቱም አቅጣጫ ደጋግሜ አጣጠፍሁት። መፈተኛውም አንዱን ጫፍ አግድም ይዞ ሌላውን መልቀቅ ነው። በገዛ ክብደቱ ቢወድቅ መልካም ነው፤ ተገትሮ ቢቀር ሞተሩ ይግላል፥ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ቢንኳኳ ደግሞ ልል ነው። የትልቁ መኪና ክሮቼራ አቧራ የሚከለክል ጎማ ስላለው ግራሶ ይሰጠዋል፤ የእኛው ግን ክፍት ስለ ሆነ ቅባት ቢነካው አቧራ ይይዝና ይበላል።

ሌላም ስሕተት ሠርቼ ነበር። ዘንግ በታጠፈ ጊዜ አንድ ክሮቼራ ብቻውን እኩል አያዞርም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥናል፥ ሁለት ጊዜም ያዘገያል። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት ባላዎች በአንድ መስመር ሲቀመጡ ግን አንዱ የሌላውን ጕድለት ያቀናል። እኔ አዛንፌ ስለ ገጠምኋቸው መኪናችን ተንቀጠቀጠች፤ ፈትቼ ባስተካክላቸው ድንጋዩን ወጣች።

ይህ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም። በብዙ ቀላል የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ይህንኑ ዘንግ ነው። ክሮቼራው ዳገት ላይ ቢሰበር ማርሹም የእጅ ፍሬኑም ጎማውን አይገቱትም፤ የሚቀረው የእግር ፍሬንና ረዳቱ ይዞት የሚወርደው ታኮ ነው። አጎቴም እህል ጭኖ ወደ ስማዳ ሲሄድ ይህ ደርሶበት፥ ረዳቱ ታኮውን ፈጥኖ ስለ ጣለ ሁለቱም ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ከጕዞ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ፥ ጎማውን በታኮ አስይዞ፥ ዘንጉን በእጁ ሳይነቀንቅ አይነሣም።

በሚመጣው ዓመት መኪናዪቱን የምትረከቡ ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼም፥ የጠበቀባችሁን ነገር በድንጋይ እንዳትመቱት አደራ እላለሁ።