ሰንጠረዥና በከንቱ የሚታማው ወረራው

የኢትዮጵያውን ጨዋታ ሰንጠረዥን የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «የድሮ ቼዝ ነው» ብለው ያልፉታል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ስልሳ አራት ቤት፣ በየወገኑ አሥራ ስድስት ጠጠር፣ ንጉሡ መሄጃ ያጣበት ይሸነፋል። ቤቶቹ ጥቁርና ነጭ ሆነው አይለዩም፤ በጨርቅ ላይ የተሰመረ መስመር ይበቃል። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል በማዕዘን አንዱን ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ ፈረሱና ደሩ እንደ ዛሬው ቼዝ ፈረስና ግንብ ይሄዳሉ፤ ወታደሩ ገና ከመነሻው ሁለት ቤት መራመድ አይፈቀድለትም። ይህን ማንም በአንድ ምሽት ይለምደዋል።

ሰንጠረዥን ከዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው ወረራው ነው። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠሮቻቸውን የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚያዘው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥርዓት ሲነገር የሚሰማው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «እጁ የፈጠነ ያሸንፋል፤ ግርግር ነው።» ሰሌዳው ፊት በእርጋታ የተቀመጠ ሰው ይህን አይልም። የቸኮለው ተጫዋች ያሰበውን ሁሉ አስቀድሞ ለባላጋራው ያሳያል። የታገሠው ደግሞ ያንን አይቶ ፈረሱን ወደ ሌላ ክንፍ ያዞራል፣ ፈርዙን ይመልሳል። ያኛውም በተራው አይቶ ያስተካክላል። ዓይን ከገዛ እጅ ይልቅ በባላጋራ እጅ ላይ ይውላል። ከባዱ ውሳኔ መቼ መብላት እንደሚገባ ነው፤ ቀድሞ የበላ ወረራውን ይዘጋል፣ አሰላለፉ ያልተሟላለትም እንዳለ ይያዛል።

ወረራው የጠጠሮቹን ባሕርይ ያወቁ ሰዎች ያገኙት መፍትሔ ነው። ፈርዝና ፊል ደካሞች ናቸው፤ ፊል በሰሌዳው ላይ ሊረግጥ የሚችለው ስምንት ቤት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሠራዊት በተራ ቢንቀሳቀስ ግጥሚያው እስኪጀመር ረጅም ጊዜ ይባክናል። የዓረቦቹ ቼዝ የሻትራንጅ ሊቃውንት ችግሩን የፈቱት የታወቁ አሰላለፎችን በማጥናት ነው። የእኛዎቹ ግን አሰላለፉን ራሱን የፍልሚያው ክፍል አደረጉት። ማን ቀድሞ ይነካል የሚለው ጥያቄ የዓድዋም ጥያቄ ነበር። ከመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ በኋላ የተሰበሰበው የምኒልክ ሠራዊትና የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር በመጨረሻ ፊት ለፊት ተፋጠው ሰነበቱ። በሁለቱም በኩል ስንቅ እያለቀ፣ እያንዳንዱ ሌላው እንዲጀምር ይጠብቅ ነበር። የካቲት 22 ሌሊት የተንቀሳቀሰው ባራቲየሪ ነው፤ ውጤቱን ሁሉም ያውቃል። ጨዋታው ድሉን አመጣ ማለቴ አይደለም፤ ወረራው በዚያ ዘመን የነበረውን ጦርነት በትክክል የሚያውቅ ጨዋታ ነው ማለቴ ነው።

የሰሌዳ ጨዋታና የጦርነት ዝምድና ከእኛ ውጭም ይታያል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው የጀግና ገጸ ባሕርይ ለብሰው የሚጫወቱት ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ከታተመው ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ጀምሮ፣ የዘር ሐረጉ ወደ ቼዝ ይመለሳል። ሄልቪግ የተባለ ጀርመናዊ በ1780 ቼዝን አስፍቶ የጦር ጨዋታ ሠራ፤ የፕሩሲያ መኮንኖች ክሪግስሽፒል ተከተለ፤ አሜሪካውያን የጦር ጨዋታ ወዳጆች ደግሞ ከዚያ መስመር ተነስተው አንድን ጠጠር አንድ ሰው አደረጉት። ተጫዋቹን የጦር አዝማች ቦታ ላይ የማስቀመጥ ፍላጎት ግን በእኛ ሰሌዳ ላይ ቀድሞ ነበር። አጨራረሱም ይህን ያሳያል፤ ባላጋራን በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም፣ በወታደር ማድረግ ግን ያስከብራል። ብቻውን የቀረ ንጉሥም ማት አይደረግም። የክብር ደንብ ነው፤ ክብር ደግሞ ሰው ሆኖ ለሚጫወት እንጂ ነጥብ ለሚቆጥር ትርጉም የለውም።

«የሞተ ጨዋታ ነው፣ ደንቡም ከቦታ ቦታ ይለያያል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ መዳከሙ እውነት ነው። ሆኖም እንግሊዛዊው ቆንስል ፕላውደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ1911፣ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) የመዘገቡት ለመጫወት ከበቂ በላይ ነው፤ የደንብ መለያየትም በሕይወት የኖረ ጨዋታ ምልክት ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፦ ጠጠሮቹን ለጌጥ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ አለመንካት፣ ወይም ወረራውን በቁጥር ገድቦ «ለማሳጠር» መሞከር። ይህን የሚያደርጉ የጨዋታውን ልብ አውጥተው ቅርፊቱን እየያዙ ነው፤ ቢተዉት ይሻላል።

በምኒልክ አደባባይ አጠገብ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ግቢ ውስጥ ለዚህ ጨዋታ ሁለት ጠረጴዛ መመደብ ውድ ነገር አይሆንም። የተለየ ዕቃም አያስፈልግም። በተራ የቼዝ ሰሌዳ ላይ የቤቶቹን ቀለም ችላ ማለት፣ ንግሥቷን እንደ ፈርዝ፣ ጳጳሱን እንደ ፊል ማስኬድ፣ እያንዳንዱን ንጉሥ ከሌላው ወገን ፈርዝ ፊት ለፊት ማቆም፣ ከዚያ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ መጀመር ነው።